ነርሶች ስህተት እያዩ ለምን ዝም ይላሉ? ከየትስ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ሆስፒታል የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ስለ ታካሚ ደህንነት መጠይቅ አስሞልተን ውጤቱ ‹የነርሶች አመለካከት ዝቅተኛ ነው› የሚል ሆነ። ለሁሉም ሥልጠና ሰጠን፤ ፖስተርም ለጠፍን። እንደገና ስናስሞላ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። ሥራው ላይ ግን ለውጥ የለም። የስህተት ሪፖርት አይመጣም። ሐኪም የተሳሳተ ኦርደር (የሕክምና ትእዛዝ) ሲጽፍ ነርሶቹ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ እንጂ ፊት ለፊት አይናገሩም። ችግሩ የአመለካከት ነው ወይስ ሥልጣን ስላልሰጠናቸው? ሥልጣን ብንሰጣቸውስ ሥርዓት አይፈርስም? ከምን ልጀምር?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከሥልጣን ይጀምሩ፤ አመለካከቱ ይከተላል። አንዲት ነርስ ለመናገር ወይም ዝም ለማለት የምትወስነው ከዚህ በፊት የተናገረችው ባልደረባዋ ምን እንደደረሰባት አይታ ነው። ያ ካልተለወጠ ሥልጠና የመጠይቁን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፤ አልጋው አጠገብ የሚሆነውን ግን አይነካውም። እናንተ ጋ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

ለምን እንዲህ በእርግጠኝነት እንደምናገር ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1966 ቻርልስ ሆፍሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመ። ምሽት ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው ሐኪም ነኝ ብሎ ወደ ዋርድ ይደውላል። ለተረኛዋ ነርስ አንድ መድኃኒት 20 ሚሊግራም ለታካሚ እንድትሰጥ ያዛታል። ኦርደሩን ስመጣ እፈርማለሁ ይላታል። ዕቃው ላይ ደግሞ ከ10 ሚሊግራም መብለጥ እንደሌለበት በግልጽ ተጽፏል። በስልክ ማዘዝ በደንቡ ክልክል ነው። መድኃኒቱም ዋርዱ ውስጥ እንዲሰጥ ከተፈቀዱት አንዱ አይደለም። ከ22 ነርሶች 21ዱ ሊሰጡ ተነሱ። ያስቆማቸው እዚያው ሲጠብቅ የነበረው የጥናቱ ሰው ነው። ዕቃው ውስጥ የነበረውም ጉዳት የሌለው ስኳር ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ሁለተኛው ክፍል ግን ብዙም አይነሳም። አጥኚዎቹ ሌሎች 12 ነርሶችን በወረቀት ጠይቀው ነበር። እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወልልሽ ምን ታደርጊያለሽ? 10ሩ አልሰጥም አሉ። 21 የነርሲንግ ተማሪዎችም ተጠየቁ፤ አንዳቸውም እሰጣለሁ አላሉም። እንግዲህ አመለካከታቸው ቢለካ ከፍተኛ ማርክ ያመጡ ነበር ማለት ነው። ስልኩ ሲጮህና ከወዲያኛው ጫፍ የሐኪም ድምፅ ሲሰማ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

በ1977 ራንክ እና ጃኮብሰን የተባሉ አጥኚዎች ሙከራውን በሌላ መልክ ደገሙት። አሁን የታዘዘው ነርሶቹ አብጠርጥረው የሚያውቁት ቫሊየም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት ነው፤ ዶዙ ግን ከልክ በላይ ነው። ነርሶቹ እንደ ዘወትሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር መመካከርም ይችሉ ነበር። ከ18ቱ ለመስጠት የተዘጋጁት 2 ብቻ ሆኑ። በመካከሉ ዘመኑም ስለተለወጠ ልዩነቱን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች አላሳብብም። ግን ልብ ይበሉ። ስለ መድኃኒቱ እውቀት ያላትና ዞር ብላ «ይሄን እስኪ እይልኝ» የምትለው ሰው ያላት ነርስ ደፋር ሆና ተገኘች። ድፍረቷን ከሥልጠና አዳራሽ አላመጣችውም፤ ሥራው ውስጥ ነው ያገኘችው።

አሁን ወደ እርስዎ መጠይቅ ልመለስ። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ አልነገሩኝም። በብዛት የሚሠራበት በ2004 በአሜሪካ የጤና ጥናትና ጥራት ኤጀንሲ የወጣው የሆስፒታል ደህንነት ባህል መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹን አውጥተው አንድ በአንድ ያንብቧቸው። አብዛኞቹ ስለ ነርሷ ልብ አይጠይቁም። ስለ ሆስፒታሉ ነው የሚጠይቁት። የሰው ኃይል ይበቃል ወይ? ስህተት ሲፈጠር ሰው ላይ ይፈረዳል ወይ? አለቃሽ የደህንነት ሐሳብ ስታቀርቢ ይሰማሻል ወይ? በፈረቃ ርክክብ ላይ መረጃ ይጠፋል ወይ? ለእነዚህ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጥ ነርሶቹ ወድቀዋል ማለት አይደለም። ነርሶቹ ሆስፒታሉን ፈትነው ማርክ ሰጥተውታል። እናንተ ግን ፈታኙን ወስዳችሁ ሥልጠና አስገባችሁት። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም። በየቦታው የሚሠራ ስህተት ስለሆነና ውጤቱን እንደገና ማንበብ ብቻ ብዙ መንገድ ስለሚያስኬድ ነው።

ሥልጣን ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማ። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባለች አሜሪካዊት የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር አንድ ትልቅ ኩባንያ አጥንታ በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ነገር አለች። የሠራተኛ ጠባይ የሚባለው አብዛኛው የተቀመጠበት ቦታ የፈጠረው ነው። ሰው በሥራው አቅም የሚኖረው አራት በሮች ሲከፈቱለት ነው፦ መረጃ፣ ድጋፍ፣ ለሥራው የሚያስፈልግ ግብዓት፣ የመማርና የማደግ ዕድል። ካናዳዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ሄዘር ላሺንገር ደግሞ ይህን ሐሳብ ወደ ሆስፒታል አምጥታ ለዓመታት በነርሶች ላይ አጥንታዋለች። በእነዚህ ጥናቶች አራቱ በሮች ክፍት የሆኑላቸው ነርሶች በአለቆቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ከፍ ይላል፤ በሥራቸው ይረካሉ፤ መሰላቸታቸውም ይቀንሳል። እኔ በዋርድ ውስጥ ካየሁት ጋር ይገጥማል። በሩ ዝግ የሆነበት ሰው ቀስ በቀስ «እኔን ምን አገባኝ» ማለት ይጀምራል። ያንን ነው እኛ የአመለካከት ችግር የምንለው።

ከአራቱ በሮች ድጋፍ የሚባለው በእርስዎ ጥያቄ ላይ ዋናው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ነርሷ የአንድ ታካሚ ሁኔታ አሳስቧታል። ለተረኛው ሐኪም ትደውላለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት፣ 14 ቁጥር ትንሽ ደህና አልመሰሉኝም» ትላለች። እሱ በእንቅልፍ ልቡ «ፍሉይድ ጨምሪላቸው፣ ጠዋት አያቸዋለሁ» ይላል። ስልኩ ተዘጋ። አሁን ነርሷ እጅ ላይ ምን ቀረ? እንደገና ብትደውል ሊቆጣት ነው። ከእሱ በላይ ወዳለው ሐኪም ብትደውል ነገር አመላላሽ ልትባል ነው። ስጋቷ ትክክል ሆኖ ቢገኝ ማንም አያመሰግናትም። ትክክል ሆኖ ባይገኝ ግን በማግስቱ ራውንድ ላይ በሁሉም ፊት ይነገራታል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረት በሆስፒታል ውስጥ ገና አልሞተም። እርስዎ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? እኔ ሂሳቡን ሳሰላው ዝምታዋ ይገባኛል።

ይህን ሂሳብ የሚቀይሩ ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ርካሽ ናቸው። አንደኛው የአነጋገር ቅደም ተከተል ነው። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ በሆስፒታሎች የተለመደ መንገድ አለ፦ ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ የእኔ ግምት፣ የምጠይቀው። በዚህ መንገድ ያው ስልክ ሲደወል እንዲህ ይሆናል። «ዶክተር፣ የደወልኩት 14 ቁጥር አልጋ ላይ ስላሉት ታካሚ ነው። ግፊታቸው 90 በ55 ወርዷል፤ የልብ ምታቸው 124 ነው። ትናንት የአንጀት ኦፕሬሽን ተደርጎላቸዋል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ግፊታቸው 120 በ80 ነበር። ሽንትም እየወጣ አይደለም። ውስጥ ደም እየፈሰሳቸው ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩአቸው እፈልጋለሁ።» ይህን ሰምቶ ተመልሶ የሚተኛ ሐኪም ብዙ የለም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። ነርሶች በብዛት የሚዘሏት እሷን ነው። ግምታቸውንና ጥያቄያቸውን መናገር ከደረጃቸው በላይ እንደሆነ አድርገው ስለተማሩ ነው።

ሁለተኛው ሐኪሙ እምቢ ሲል የሚኬድበት መንገድ ነው። አንድ ስጋት መልስ ካላገኘ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ሁለቴም ካልተሰማ በቀጥታ ወደ ቀጣዩ ኃላፊ ይኬዳል። ይህ በጽሑፍ ይሁን፤ የሐኪሞቹ ኃላፊም ይፈርምበት። ያን ጊዜ ወደ ላይ የደወለችው ነርስ ደንብ አክባሪ ትሆናለች፤ ነገር ፈላጊ ልትባል አትችልም። ስልክ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ነርስ ስቴሽን ላይ ይለጠፍ። እናንተ የለጠፋችሁትን ፖስተር አላየሁትም፤ ይህ ቁጥር ግን ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ያወራል።

በሲድኒ ሊቨርፑል ሆስፒታል በ1990 የተጀመረው የድንገተኛ ሕክምና ቡድን አሠራርም እዚህ ላይ ይነሳል። ታካሚ ልቡ ከመቆሙ በፊት እየተዳከመ መሆኑ ሲታይ ነርሷ ራሷ ቡድኑን ትጠራለች። የጥሪ መስፈርቶቹ የትንፋሽ፣ የልብ ምትና የግፊት ቁጥሮች ናቸው። አንድ ተጨማሪ መስፈርትም አለ፦ ነርሷ ስለ ታካሚው ከተጨነቀች። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም እንኳ። እኔ ከሁሉም ይህን መስመር እወደዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ታካሚውን ያየ ሰው ጭንቀት እንደ ማስረጃ ተቆጠረ ማለት ነው።

መረጃ ወደሚባለው በር እንሂድ። ሪፖርት አይመጣም ብለዋል። እስኪ አንድ ነገር ያጣሩ። ባለፉት ወራት ከመጡት ጥቂት ሪፖርቶች ውስጥ ለስንቶቹ ላኪዎች መልስ ተሰጠ? ብዙ ቦታ መልሱ ዜሮ ነው። ነርሷ ከፈረቃዋ በኋላ ቁጭ ብላ ቅጽ ሞላች። ወረቀቱ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የለም። ወይም ደግሞ ወሬው የመጣው በተቃራኒው ነው፤ «ይህን ስትሠሪ የት ነበርሽ?» ተብላ ተጠራች። ሁለተኛ ምን ቤት ነኝ ብላ ትሞላለች?

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መጠኑ የተለያየ ሆኖ መልኩ የሚመሳሰል ሊሆን ይችላል። በ2006 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ለጨቅላ ሕፃናት በስህተት በሺህ እጥፍ የበለጠ ሄፓሪን ተሰጥቶ ሦስት ሕፃናት ሞቱ። የሁለቱ ብልቃጦች መጠንና የመለያ ወረቀታቸው ቀለም ይመሳሰል ነበር። አሁን በእርስዎ ዋርድ አንዲት ነርስ ሁለት የሚመሳሰሉ ብልቃጦች ጎን ለጎን ተቀምጠው አየች እንበል። የተሳሳተውን አነሳች፤ መለያውን አንብባ መለሰችው። ማንም አልተጎዳም። ይህንን ሪፖርት ብታደርግና በሳምንቱ ጠንካራው መድኃኒት ከዋርዱ መደርደሪያ ወጥቶ ፋርማሲ ውስጥ ቢቆለፍበት ምን ይሆናል? በጠዋቱ ርክክብ ላይ «ይህ የተለወጠው በእሷ ሪፖርት ነው» ቢባል? የዚያን ወር ሪፖርት እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩት። መረጃ ማለት ይህ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ወረቀት መረጃ አይባልም። ነርሶቹ የራሳቸውን ዋርድ ቁጥር ይወቁ። ስንት ታካሚ ወደቀ? ስንት ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ቁስል አወጣ? ምን ተደረገ? ብዙ ነርሶች እነዚህን ቁጥሮች ለዓመታት ሰብስበው ልከዋል፤ ተመልሰው አይተዋቸው አያውቁም።

ግብዓት በሚለው ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ግን አታልፉት። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት የፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ጥናት በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ሲል ታይቷል። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተሠራው ጥናትም ተመሳሳይ ቁጥር አገኘ። ሁለቱም ያሳዩት ተያያዥነትን ነው። ሆኖም ውጤቱ በተለያዩ አገሮች መደጋገሙ ችላ የሚባል አያደርገውም። ዐሥራ ምናምን ታካሚ የያዘች ነርስ «ለደህንነት ትኩረት አትሰጥም» ስትባል ሳይ ያናድደኛል። ትኩረት የሚሰጠው ጊዜ ሲኖር ነው።

ሰው መቅጠር ከእርስዎ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ከአቅምዎ በታች የሆነ ነገር ግን አለ፤ መቋረጥ። ጠዋት የመድኃኒት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ተከትለው ይሂዱ። ሲሪንጅ እየሞላች ስልክ ይጠራል። ትመልሳለች። አስታማሚ ሽንት ቤት የት ነው ይላታል። ትመልሳለች። ሐኪም ቻርት የት አስቀመጥሽ ይላታል። አምፑሉን አስቀምጣ ትፈልጋለች። ስትመለስ ስንት ሚሊ እንደሳበች እርግጠኛ አይደለችም። በ2010 በአውስትራሊያ ነርሶችን እየተከተሉ ያዩ ተመራማሪዎች እያንዳንዱ መቋረጥ ከመድኃኒት ስህተት ጋር በ12 በመቶ ገደማ ጭማሪ እንደተያያዘ አግኝተዋል። መቋረጡ ሲደጋገም የከባድ ስህተት ዕድልም ይጨምራል። በዚያ አንድ ሰዓት ስልክ የሚያነሳ ሌላ ሰው ይመድቡ። ሐኪሞችም በዚያ ሰዓት ነርሷን እንዳይጠሩ ይስማሙ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የእርስዎን ሥልጣን ይጠይቃል። ነርሶቹም ሥራቸው እንደተከበረ የሚያዩት እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው በር፣ የማደግ ዕድል፣ ብዙውን ጊዜ ሥልጠና ተብሎ ስለሚታለፍ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ነርሶች የስህተት ትንተና ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያላቸው አባላት ይሁኑ፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ብቻ አይሁኑ። አሠራር ሲቀየር ደግሞ የሚሠሩበት ሰዎች ቀድመው ይጠየቁ። ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ከየትኛውም የሁለት ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

«ሥርዓት አይፈርስም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ የብዙ ኃላፊዎች ስጋት ስለሆነ በቁም ነገር ልመልሰው።

በ2001 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ትልቅ የደም ሥር ውስጥ መስመር (ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ኢንፌክሽን እንዳይፈጠር መደረግ ያለባቸውን አምስት ነገሮች ዘረዘረ። እጅ መታጠብ፤ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፤ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ጓንትና ጋውን መልበስ፤ ከተቻለ ብሽሽት ላይ አለማስገባት፤ የማያስፈልገውን መስመር ቶሎ ማውጣት። አዲስ ነገር የለበትም፤ ሁሉም ሐኪም ያውቀዋል። መጀመሪያ ነርሶቹ እንዲመለከቱ ብቻ ተጠየቁ። ከታካሚዎቹ ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ሐኪሞቹ ቢያንስ አንዱን ይዘሉ ነበር። ቀጥሎ አስተዳደሩ ለነርሶች ሥልጣን ሰጠ። ሐኪሙ አንዱን ከዘለለ ነርሷ ታስቆመዋለች። ከተጋፋት አስተዳደሩ ከኋላዋ ይቆማል። ይህ አሠራር ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ሆኖ በሚሺጋን ግዛት 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ ሲሠራበት፣ በ2006 በወጣው ሪፖርት መሠረት የኢንፌክሽኑ አማካይ ምጣኔ በሦስት ወር ውስጥ ካቴተር ገብቶ በቆየባቸው በ1000 ቀናት ከ2.7 ወደ ዜሮ ወረደ። አማካይ ያልኩት ከክፍሎቹ መሐል ላይ ያለውን ነው። 

የፈረሰ ሥርዓት አለ? ሐኪሙ ሐኪም ሆኖ ቀጠለ። ነርሷ ሕክምናውን አልነጠቀችውም። የተሰጣት ሥልጣን ጠባብና ግልጽ ነው። በዚህ ሥራ፣ በእነዚህ አምስት ነጥቦች ላይ፣ ቁም የማለት ሥልጣን። እኔ የምመክረውም ይህን ነው። «ነርሶቻችንን አብቅተናል» ብሎ በጅምላ ማወጅ ማንንም አያበቃም። አንድ ሥራ ይምረጡ፤ ማን ማስቆም እንደሚችል ይጻፉ፤ ሁሉም ይወቀው።

ወረቀቱ ብቻውን የሚሠራ እንዳይመስልዎት ደግሞ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ላክል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር መጀመሪያ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን በትእዛዝ ሲጀምሩት ግን፣ በ2014 የወጣው ጥናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ለምን እንደሆነ ባለሙያዎች ተከራክረዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ማብራሪያ ዝርዝሩ በብዙ ቦታ ለይስሙላ ይሞላ ነበር የሚለው ነው። ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ቀላል ነው። «አንድ ደቂቃ፣ የደም መጥረጊያው ጋዝ ቁጥሩ አልሞላም፣ ቁስሉን አትዝጉ» ማለት ግን የሚሰማ ጆሮ ይፈልጋል።

ሌላው መነሳት ያለበት ቅጣት ነው። በአሜሪካ ቴነሲ በ2017 አንዲት ነርስ ማረጋጊያ መድኃኒት ልታወጣ ብላ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት አወጣች፤ ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ ስህተቷን ወዲያው ተናግራ ነበር። በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት። ማስጠንቀቂያዎችን ማለፏ እውነት ነው፤ የሞተችውም የቤተሰብ ሰው ናት። በዚያ ላይ አልከራከርም። ግን ፍርዱን የሰሙ ነርሶች ሁሉ «ብናገር ይህ ይደርስብኛል» ብለው ማሰባቸው አይቀርም። እርስዎ ጋ ፍርድ ቤት ላይኖር ይችላል። የደመወዝ ቅጣት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና በስብሰባ ላይ ስም መጥራት ግን ያንኑ ያስተምራሉ።

ይህ ማለት ሁሉም በምሕረት ይታለፍ ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮች ይለዩ። ሰው ሆኖ መሳሳት አለ፤ ያ ማጽናናትና አሠራሩን ማስተካከል ይፈልጋል። አደጋውን ሳያስተውሉ አቋራጭ መውሰድ አለ፤ ያ ምክርና አቋራጩን ያመጣውን ምክንያት ማጥፋት ይፈልጋል። አደጋውን እያወቁ ደንታ ማጣት አለ፤ እሱ ይጠየቅበታል። ከመፍረድዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። ሌላ ጎበዝ ነርስ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ በዚያ ድካም ውስጥ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር? አዎ ከሆነ ችግሩ ነርሷ ጋ አይደለም። ይህ መስፈርት ለሐኪምም እኩል ይሥራ። ነርስ የምትቀጣበትን ስህተት ሐኪም በፈገግታ ካለፈበት ሁሉም ነገር እዚያው ይፈርሳል።

አሁን አንድ ጥያቄ ለእርስዎ ላቅርብ። እርስዎስ ሥልጣን አለዎት? የሆስፒታሉ ከፍተኛ አመራር ሲሰበሰብ ወንበር አለዎት? በጀት ላይ ድምፅ አለዎት? የአንድን ዋርድ አዲስ ታካሚ መቀበል ለጊዜው ማስቆም ይችላሉ? ካንተር በጥናቷ ያየችው ነገር አለ። ከላይ ሥልጣን የሌለው አለቃ ከታቹ ያሉትን በትንንሽ ደንብ ያጨናንቃል። የደንብ ልብስና የመግቢያ ሰዓት ብቻ የሚቆጣጠር የነርሶች ኃላፊ ስናይ ብዙ ጊዜ ሌላ የሚቆጣጠረው ነገር ስለሌለው ነው። የሌለዎትን ለነርሶችዎ ማካፈል አይችሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ድርድር ከሜዲካል ዳይሬክተሩና ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ነው። ነርስ ሐኪምን ባስቆመች ጊዜ ከማን ጎን እንደሚቆሙ አስቀድመው ይንገሩዎት። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ይህ ሳይያዝ ለነርሶች ተናገሩ ማለት እነሱን ማጋፈጥ ነው።

ያ ከተያዘ በአንድ ዋርድ ይጀምሩ። ሁሉንም በአንዴ አይሞክሩት። የዋርዱን ነርሶች ሰብስበው ስለ ደህንነት አያስተምሯቸው፤ ይጠይቋቸው። «ነገ አንድ ታካሚ ቢጎዳ በምን ምክንያት የሚሆን ይመስላችኋል?» መልሱን ያውቁታል። የሚሠራው የግፊት መለኪያ አንድ ብቻ መሆኑን ይነግሩዎታል። የኦርደር ጽሑፉ እንደማይነበብ ይነግሩዎታል። አንድ ስሙ የማይጠራ ሐኪም በስልክ እንደሚጮህ፣ በሦስተኛው ስብሰባ ምናልባት፣ ይነግሩዎታል። ከዝርዝሩ ውስጥ ቶሎ የሚሆነውን አንዱን መርጠው ያስተካክሉት። የማይሆነውን ደግሞ ለምን እንደማይሆን ይንገሯቸው። ከዚያ ሁለተኛውን። ስለሚጮኸው ሐኪም ግን ሜዲካል ዳይሬክተሩን ይዘው ይግቡ፤ ነርሶቹ ከሁሉም በላይ የሚጠብቁት እሱን ነው።

በመጨረሻ ስለ መለኪያው። ይህ ከተሳካ የስህተት ሪፖርት ቁጥር ይጨምራል። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1996 ባሳተመችው ጥናት የተሻሉ የነርስ ቡድኖች ጥቂት የመድኃኒት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ብዙ ስህተት የታየው በተሻሉት ቡድኖች ነበር። እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መጨመር ከመጀመሩ በፊት ለቦርዱ ቀድመው ይናገሩ። ካልተናገሩ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «የእርስዎ ክፍል ስህተት በእጥፍ ጨመረ» ይባልና ሥራው እዚያው ይቀበራል። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ሌሎች ነገሮችን ይከታተሉ። ጉዳት ሳይደርስ የተያዙት ስንት ናቸው? ላኪዋ መልስ ያገኘችው በስንት ቀን ነው? ታካሚ ወደ ጽኑ ሕሙማን ከመግባቱ ከስንት ሰዓት በፊት ነው ለሐኪም የተደወለው? መጠይቁን ለመድገም አይቸኩሉ። እነዚህ ሦስቱ ሲንቀሳቀሱ ያዩ ጊዜ ያስሞሉት፤ ያኔ «ስህተት ሲፈጠር ሰው ላይ ይፈረዳል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም በፊት ያንብቡ።